የክላሹ ጥይት ይቀየር ወይስ ይቆይ? ስለ ዋና ጠመንጃና ካሊበር

#1 ሰባታሚት

ሰላም ለዚህ ቤት። በሌላው ክር ስለ አሜሪካ አዲሱ ጠመንጃ ስናወራ ነገሩ ወደ ክላሽ ዞሮ ዋናው ርዕስ ስለጠፋ ይህን ለብቻው ከፈትኩት። ጥያቄው ይህ ነው፦ እግረኛው 7.62×39 (ካሊበሩ፣ ማለትም የጥይቱ ውፍረት፣ 7.62፤ የቀለሁ ርዝመት 39 ሚሊ ሜትር) የሚተኩስ ክላሽ የታጠቀ ሠራዊት ጠመንጃውንም ጥይቱንም ይቀይር? ጠመንጃውን ብቻ ይቀይር? ወይስ ያለውን አሻሽሎ ይቆይ?

ለመነሻ የማንጣላባቸውን ቁጥሮች ላስቀምጥ። የ7.62×39 ሙሉ ጥይት 16.3 ግራም ይመዝናል፤ እርሳሱ (ተወርውሮ የሚሄደው ጫፍ) 7.9 ግራም ሆኖ ከኤኬኤም (ይህን ጥይት ከሚተኩሰው ክላሽ) አፈሙዝ በሰከንድ 715 ሜትር ይወጣል። የ5.45×39 ሙሉ ጥይት 10.7 ግራም ገደማ ነው፤ እርሳሱ 3.4 ግራም፣ ፍጥነቱ 900 ሜትር አካባቢ። የኔቶው 5.56×45 ሙሉ ጥይት 12 ግራም ትንሽ ያልፋል፤ እርሳሱ 4 ግራም፣ ፍጥነቱ ከ900 በላይ። ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የደረት ዒላማ ላይ ማነጣጠሪያውን ሳይነኩ መምታት የሚቻለው በኤኬኤም እስከ 350 ሜትር፣ 5.45 በሚተኩሰው ክላሽ፣ በኤኬ 74፣ እስከ 440 ሜትር ነው።

እኔ ገና አልወሰንኩም። በቁጥር የሚከራከር ይምጣ።

#2 አወያይ

ርዕሱ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ማን ምን ያህል ታጥቋል፣ የት አስቀምጧል የሚል ጽሑፍ እዚህ አይለጠፍም። ክርክሩ ስለ ጠመንጃና ስለ ጥይት ይሁን።

#3 ዓባይ ማዶ

ይቀየር ባይ ነኝ፤ ወደ 5.45። ምክንያቴ እግረኛው የሚሸከመው ኪሎ ነው።

አንድ ሰው አራት ካዝና፣ ማለትም 120 ጥይት ይያዝ እንበል። በ7.62 ጥይቱ ብቻ 1.96 ኪሎ ነው። ባዶ የብረት ካዝና 330 ግራም ስለሚመዝን አራቱ 1.32 ኪሎ ይሆናሉ። ድምሩ 3.28 ኪሎ። በ5.45 ጥይቱ 1.28 ኪሎ፣ 230 ግራም የሚመዝኑት አራት ፕላስቲክ ካዝናዎች 0.92 ኪሎ፣ ድምሩ 2.2 ኪሎ። በዚያው 3.3 ኪሎ ስድስት ካዝና ይያዛል፤ 180 ጥይት ማለት ነው። ክብደት ሳይጨመር 60 ጥይት ተገኘ።

ሁለተኛው እርግጫው ነው። የ5.45 እርግጫ ከ7.62 ግማሽ ገደማ ነው። አዲስ ምልምል ጠመንጃውን የሚፈራው በመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ጥይቶች ነው፤ እዚያ ላይ ዓይኑን መጨፈን ከለመደ በኋላ ማስተው ብዙ ጥይት ይፈጃል። ቀላል እርግጫ ያለው ጠመንጃ ተከታታይ ሲተኮስም አፈሙዙ ወደ ላይ አይሸሽም።

ሦስተኛው ያ 90 ሜትር ልዩነት ነው፤ ከ350 ወደ 440። ርቀት ገምቶ ማነጣጠሪያ ማስተካከል ለማይችል ተኳሽ 90 ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ሶቪየቶች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1974 የቀየሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

#4 የዘጌ ቡና

ዓባይ ማዶ፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጆንያ ከተሃል። ካተረፍከው 1.08 ኪሎ ውስጥ የካዝናው ድርሻ አለበት። ለ7.62ም ፕላስቲክ ካዝና አለ፤ ባዶው 250 ግራም ይመዝናል። ብረቱን በእሱ ብትተካ በአራት ካዝና 320 ግራም ትርፍ አገኘህ፤ ካሊበር ሳትነካ። ለካሊበሩ የሚቀረው 760 ግራም ነው። እሱም ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን ሲሦ የሚጠጋውን ትርፍ በካዝና ግዢ ብቻ ልታገኘው ትችላለህ።

አንተ ያላነሳኸውን ደግሞ ለአንተው ልጨምርልህ፤ ትልቁ ትርፍ ከዝናሩ ይልቅ መጋዘኑ ላይ ነው። የ7.62×39 የሶቪየት ሳጥን 660 ጥይት የያዙ ሁለት ቆርቆሮዎች አሉት፤ 1,320 ጥይት። የ5.45 ሳጥን 1,080 የያዙ ሁለት ቆርቆሮዎች፤ 2,160 ጥይት። ሁለቱም ሳጥኖች ወደ 30 ኪሎ ይጠጋሉ። 100,000 ጠመንጃ ያለው ሠራዊት ለእያንዳንዱ 1,000 ጥይት ክምችት ቢይዝ 100 ሚሊዮን ጥይት ነው። በ7.62 ወደ 75,800 ሳጥን፣ 2,270 ቶን ገደማ። በ5.45 ወደ 46,300 ሳጥን፣ 1,390 ቶን። አስር ቶን በሚጭን መኪና 227 ምልልስና 139 ምልልስ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም አሁን አይቀየር ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በሁለቱ መካከል ያለውን የሽግግር ዘመን ማንም አያሰላውም። ሽግግር በአንድ ሌሊት አያልቅም። በዚያ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጥይት፣ ሁለት ዓይነት ካዝና፣ ሁለት ዓይነት መለዋወጫ በአንድ መጋዘን ይተኛል። የሚበላሸውም እዚያ ነው። በትክክል ከተሠራ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የአዲሱ ጥይት ሙሉ ክምችት መጋዘን ይገባል። ቀጥሎ መሣሪያ ጠጋኞቹ መለኪያቸውንና መለዋወጫቸውን ይዘው ይሠለጥናሉ። ከዚያ አሠልጣኞቹ ይተኩሳሉ። ጠመንጃው የሚመጣው በአራተኛ ደረጃ ነው። የሚታደለውም ለሻለቃ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንጂ ለመቶው ዛሬ፣ ለጋንታው ለከርሞ ተብሎ አይደለም። አሮጌው ጠመንጃ በወጣበት መኪና፣ ዝናር ውስጥ የቀረችው ጥይት ሳትቀር ተለቅማ ትወጣለች።

ብዙ ሠራዊቶች የሚሳሳቱት በመጨረሻው እርምጃ ነው። ግንባር ቀደሙ እግረኛ አዲሱን ይይዝና ሹፌሩ፣ የመጋዘን ጠባቂው፣ ወጥ ቤቱ አሮጌውን ይዞ ይቀራል። ያኔ ሁለት ካሊበር ጊዜያዊ መሆኑ ቀርቶ ቋሚ ሆነ ማለት ነው። በጭንቅ ቀን የኋላው ሰው ወደፊት ሲጠራ ዝናሩ ውስጥ ያለው ጥይት ለጓደኛው አይሆንም።

#5 ፎገራ ሜዳ

አንድ የተዘነጋ ነገር፦ የጠቀሳችኋቸው ርቀቶች የተሰሉት በባሕር ጠለል አየር ነው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በባሕር ዳር ሙቀት የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። የአየር መጎተት ከእፍጋቱ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ጥይት እዚህ 300 ሜትር ሄዶ የሚያጣው ፍጥነት በባሕር ጠለል 240 ሜትር ሄዶ የሚያጣውን ያህል ነው። ስሜን ተራሮች ላይ 4,000 ሜትር ከፍታ ብትወጡ እፍጋቱ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል፤ 300 ሜትሩ 190 እንደማለት ነው። ከባሕር ጠለል በታች ባለው የአፋር ረባዳ ደግሞ ሙቀቱ አየሩን ቢያሳሳውም ወደ ባሕር ጠለሉ ሠንጠረዥ ይቀርባል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ በደጋ የ7.62×39 ዋና ድክመት፣ ማለትም ፍጥነቱን ቶሎ መጣሉ፣ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ደጋ ሲወጣ በሩቅ ርቀት ከፍ ብሎ ይመታል፤ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ዝቅ ይላል። እስከ 200 ሜትር ልዩነቱ አይሰማም፤ ከ400 በኋላ ይሰማል።

ደግሞ «5.45 ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል» ሲባል ደጋግሜ አነባለሁ። ስሕተት ነው። ነፋስ የሚወስደው በክብደት ልክ አይደለም፤ እርሳሱ በአየር መጎተት ምክንያት ባጣው ጊዜ ልክ ነው። 5.45 ቀጭንና ረዥም ሆኖ ፍጥነቱን ስለሚይዝ ከ7.62×39 ያነሰ ይወሰዳል። ከቀትር በኋላ ከጣና ወደ የብስ በሚነፍሰው ነፋስ ላይ ጎን ለጎን ቢተኮሱ የበለጠ የሚሸሸው ወፍራሙ ነው። እዚህ ላይ ዓባይ ማዶ ትክክል ነው።

ስለ ርቀት ሲነሳ መሬቱን እንይ። በመስከረም የሜጫ በቆሎ ውስጥ ዓይን ከ30 ሜትር አያልፍም። በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ከዓይን በቀር የሚያግድ የለም። የስሜን ገደል ከገደል 700 ሜትርና ከዚያ በላይ ይተያያል። አንድ ጠመንጃ ለሦስቱም ምርጥ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ «ስንት ሜትር ይደርሳል?» ብሎ ብቻ ካሊበር መምረጥ አያስኬድም።

#6 ሰባታሚት

አመሰግናለሁ ፎገራ ሜዳ። ከገደል ገደል ያልከው የአሜሪካኖቹን ክርክር ያመጣዋል። እነሱ አፍጋኒስታን ላይ ከሩቅ በመትረየስ ሲተኮስባቸው 5.56 አልደርስ አለን አሉ፤ በዚያ ላይ የደረት መከላከያ ሳህን የሚበሳ ጥይት ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲግ ሳወርን መርጠው 6.8×51 አመጡ። ቀለሁ ታችው ብረት፣ አካሉ ናስ ነው፤ ምክንያቱም ግፊቱ ከተለመደው ናስ አቅም በላይ ነው፣ 550 ሜጋ ፓስካል ገደማ። ጠመንጃው ያለ ድምፅ ማፈኛ 3.8 ኪሎ፣ ከማፈኛው ጋር ወደ 4.5 ኪሎ ነው። ካዝናው 20 ጥይት ይይዛል። ወታደሩ በሰባት ካዝና 140 ጥይት ይዞ 4.45 ኪሎ ይሸከማል፤ በፊት በ5.56 210 ጥይት ይዞ 3.36 ኪሎ ነበር የሚሸከመው።

ጥይቱ በ70 ቀንሶ ሸክሙ ከአንድ ኪሎ በላይ ጨመረ። ይህን ወደ እኛ መሬት ማምጣት አለብን የሚል ሰው አለ?

#7 ዓባይ ማዶ

እኔ የለሁበትም። የእግረኛ ጓድ ለሩቁ መሣሪያ አለው። ፒኬኤም መትረየስና ድራጉኖቭ ሁለቱም 7.62×54 ባለ ከንፈሩን (የቀለሁ ታች ወጣ ያለ ጠርዝ ያለውን) ጥይት ይበላሉ፤ ከ600 ሜትር ወዲያ ያለው የነሱ ሥራ ነው። ለዚህ ብሎ የሁሉንም ሰው ጠመንጃ ማክበድ አያስፈልግም። እንዲያውም የሩቁን መትረየሱ ከያዘው፣ የተቀረው ሰው ቀለል ያለ 5.45 ቢይዝ የጓዱ ድርሻ በትክክል ተከፋፈለ ማለት ነው።

#8 ወረታ መገንጠያ

ታሪኩን እኔ ላምጣ፤ ካሊበር መቀየር ያሰቡ ሠራዊቶች ምን እንደገጠማቸው በደንብ የታወቀ ነው።

ከእኛው እንጀምር። በዓድዋ ዘመን በአንድ ሰፈር ወጅግራ፣ ረሚንግተን፣ ቬተርሊ ይገኙ ነበር። ወጅግራ ስሙ ራሱ ከፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ የመጣ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ። ቬተርሊው 10.4። አንዱ ለሌላው ጥይት ማበደር አይችልም። ያንን ጦር ያን ያህል መንገድ ያንቀሳቀሰ ሰው የስንቁን ያህል የጥይቱ ዓይነት አሳስቦት እንደነበር አያጠራጥርም።

ቀጥሎ ጣሊያን። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ይዞት የመጣው ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ እርሳሱ 10.5 ግራም፣ ጫፉ ድቡልቡል። እዚህና ሊቢያ ላይ ጉልበቱ አላረካቸውም። እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር ዞሩ፤ 8.3 ግራም ጫፈ ሹል እርሳስ። በወረቀት ላይ የተሻለ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዓለም ጦርነት ደረሰ፤ ክምችቱ ሁሉ 6.5 ነበር፤ ፋብሪካውም አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ 6.5 ተመለሱ። ከ7.35ቱ ብዙዎቹ ወደ ፊንላንድ ተላኩ። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1939 ከ6.5 ወደ 7.7 መዞር ጀምራ ሳትጨርስ ጦርነቱ አለቀ፤ እስከ መጨረሻው ሁለት ካሊበር ይዛ ተዋጋች።

ሦስተኛው እምቢ ያለው ነው። ኤም ዋን ጋራንድ ሲነደፍ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ አነስ ያለ ጥይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ጄኔራል ማክአርተር የአሮጌው ጥይት ክምችት ብዙ ነው ብለው አነስተኛውን ከለከሉ፤ ጠመንጃው ለ7.62×63 ተስተካከለ። ያ ጠመንጃ ነው በኋላ የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የያዘው። ጥሩ ጠመንጃ ነበር፤ ግን ከባድ ነው፣ የሚይዘውም ስምንት ጥይት ብቻ ነው።

አራተኛው የራሳችን 1970 ዓ.ም. ነው። ያኔ ካሊበር የተቀየረው ማንም አጥንቶ መርጦ አይደለም። የአሜሪካ ጥይትና መለዋወጫ ተቋረጠ፤ የሶቪየት መጣ፤ ከእሱ ጋር 7.62×39 ገባ። ካሊበር የምትመርጠው ጥይት ብቻ አይደለም፤ በክፉ ቀን በሩን የምታንኳኳውን ጎረቤትም አብረህ ትመርጣለህ።

ፖላንድ ከ7.62×39 ወደ 5.45፣ ከ5.45 ወደ 5.56 በአስር ዓመት ገደማ ሁለት ጊዜ ዞራለች፤ ሁለተኛው ዙር የኔቶ ጉዳይ ነው። ሕንድ ደግሞ በ5.56 የራሷን ጠመንጃ ኢንሳስን ሠርታ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ600,000 በላይ ኤኬ 203 ለማምረት ተዋዋለች። ያ 7.62×39 ነው። ተመለሱ። ቬትናም ጠመንጃውን ወደ እስራኤሉ ጋሊል ኤስ ዘር ቀይራ ጥይቱን 7.62×39 አቆየች። ስለዚህ «ዓለም ሁሉ ወደ ቀጭኑ ሄዷል» አይባልም።

#9 ዓባይ ማዶ

ወንድሜ ወረታ፣ የጣሊያኑ ምሳሌ የሚያሳየው በጦርነት ዋዜማ መቀየር እንደማይገባ ነው እንጂ መቀየር እንደማይገባ አይደለም። የማክአርተርም ውሳኔ ክምችትን አዳነ፤ ወታደሩን ግን ለሃያ ዓመት ከባድ ጥይት አሸከመው። ክምችት ሁልጊዜ አለ። «ክምችት አለን» የሚለው መልስ ከሆነ ማንም መቼም አይቀይርም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ። ጠመንጃ ያረጃል። የኤኬኤም አፈሙዝ ከ10,000 እስከ 15,000 ጥይት ከተኮሰ በኋላ ጥምዝ ቦዩ ይበላል። ለአዲስ ጠመንጃ ገንዘቡ ለማንኛውም የሚወጣ ከሆነ፣ በዚያው አጋጣሚ ካሊበሩን መቀየር ምን ያህል ይጨምራል?

#10 ጋሼ መለኪያ

ልጄ ዓባይ ማዶ ጥሩ ጥያቄ አንስቷል፤ በዝርዝር ልመልስ።

መጀመሪያ ጠመንጃው። ከ7.62 ወደ 5.45 ሲዞር አፈሙዙ ብቻ ተቀይሮ የሚያበቃ የሚመስላቸው አሉ። የ7.62×39 ቀለህ ታች 11.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ5.45 ቀለህ 10 ሚሊ ሜትር፤ የ5.56 ቀለህ 9.6። ስለዚህ የመቆለፊያው ፊትና የቀለህ ሳቢው ጥፍር ይቀየራሉ። ካዝናው ይቀየራል። የክላሽ አፈሙዝ በኃይል ተገፍቶ በፒን የተያዘ ነው፤ በተቀየረ ቁጥር በመቆለፊያውና በጥይት ቤቱ (ጥይቱ ለመተኮስ በሚገባበት ክፍል) መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ይበጠሳል፤ ከጠበበ አይዘጋም። አሮጌ ጠመንጃ ላይ ይህን መሥራት አዲስ ከመግዛት አያዋጣም። እንግዲህ መቀየር ማለት ሙሉ ጠመንጃ ማለት ነው።

ቀጥሎ ፋብሪካው። የሁለቱም ቀለህ ርዝመት 39 ሚሊ ሜትር መሆኑ ሰውን ያሳስታል። ውፍረታቸው ስለሚለያይ ከብረት ጥፍጥፉ ጀምሮ ያለው ወንዴና ሴቴ ቅርጽ በሙሉ ሌላ ነው፤ ኩባያው የሚመታበት፣ ደጋግሞ የሚሳብበት፣ አንገቱ የሚጠብበት። በሁለት መሳብ መካከል ብረቱ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ካነሰ አንገቱ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ይሰነጠቃል፤ ከበዛ ቀለሁ ይለሰልስና ሲተኮስ የጥይት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። 7.62×39 ቀለሁ ወደ ፊቱ በጣም ስለሚሾል ትንሽ ስሕተት ይቅር ይላል፤ ከጥይት ቤቱ በቀላሉ ይለቃል። ቀጥ ያሉት ቀለሆች ይህን አይሰጡም። የ5.45 እርሳስ ደግሞ ቀጭን ሆኖ ውስጡ ብረት፣ ዙሪያው እርሳስ፣ ጫፉ ላይ ባዶ ቦታ ያለው ነው፤ ማዕከሉ ትንሽ ከዞረ አየር ላይ ይንገዳገዳል። አዲስ መስመር የመጀመሪያ ምርቱ ከፍተኛ ውድቅ ይኖረዋል፤ ይህን ዕቅድ ውስጥ ያላስገባ ሰው ገና አልጀመረም።

አሜሪካኖቹ በቬትናም የደረሰባቸውን እናስታውስ። ኤም 16 በአንድ ዓይነት ባሩድ ተፈትኖ፣ በሌላ ዓይነት ባሩድ የተሞላ ጥይት ይዞ ወጣ። አዲሱ ባሩድ የበለጠ ጥላሸት ይተዋል፤ የመተኮስ ፍጥነቱንም ጨመረ። የጥይት ቤቱ ክሮም አልተቀባም ነበር። የማጽጃ ዕቃ በበቂ አልታደለም። ቀለሁ እየተጣበቀ ሰው አለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ምክር ቤታቸው መረመረው። ጠመንጃው ብቻውን መጥፎ አልነበረም፤ ጥይቱም ብቻውን። አንድ ላይ ሳይፈተኑ ወጡ።

ስለ ገንዘቡ፦ 3 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ በዕድሜው ከ10,000 እስከ 15,000 ጥይት ይበላል ካልክ፣ የበላው ከ160 እስከ 240 ኪሎ ጥይት ነው። ዋናው ወጪ ያ ነው። ስለዚህ «ጠመንጃው ካረጀ ካሊበሩ በነፃ ይቀየራል» አይባልም። ጥያቄው መቅረብ ያለበት የጥይት ፋብሪካው መሣሪያ አብሮ ባረጀበት ጊዜ ነው። ሁለቱ እርጅናዎች ሲገጥሙ እኔም ከአንተ ጋር እቆማለሁ፤ 5.45 የተሻለ ጥይት መሆኑን አልክድም።

#11 ደቅ ደሴት

ይቅርታ፣ ትንሽ ወጣ ያለ ጥያቄ ነው። በሐይቁ ዳር እርጥበት የትኛው ጥይት ይበልጥ ይበላሻል? በክረምት የተከፈተ ቆርቆሮ ስንት ጊዜ ይቆያል?

#12 የዘጌ ቡና

አልወጣህም፤ ርዕሱ ውስጥ ነህ። ካሊበሩ ልዩነት አያመጣም፤ ልዩነት የሚያመጣው ቀለሁ ብረት ነው ወይስ ናስ፣ አንገቱና ካፕሱሉ (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ዙሪያ ያለው ቀለም ሙሉ ነው ወይስ የተፋቀ የሚለው ነው። ያልተከፈተ ቆርቆሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያል። የተከፈተው ግን ቀን አይቆጠርለትም፤ መጀመሪያ የሚተኮሰው እሱ ነው፣ አለቀ። ሳጥኑ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ይበል፣ ከግድግዳውም ይራቅ። ብርድ ያደረበትን ቆርቆሮ በሞቃት እርጥብ አየር ወዲያው አይክፈቱት፤ ጤዛው ጥይቱ ላይ ይቀመጣል።

ጠመንጃውን የሚበላው ደግሞ ሌላ ነው። ብዙው የድሮ 7.62×39 ካፕሱል ሲተኮስ ጨው ይተዋል። ጨው ከሐይቁ አየር ውኃ ይስባል፤ በአንድ ሌሊት ፒስተኑና የአፈሙዙ ጫፍ ዝገት ያበቅላሉ። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ውኃ ነው የሚያሟሟው። መጀመሪያ በውኃ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ይህን ገልብጦ ዘይት የሚያስቀድም ሰው ጨዉን ከዘይቱ ሥር አሽጎ አስቀመጠው ማለት ነው።

#13 ፎገራ ሜዳ

ሁላችንም የዘለልነውን ልበል። ካሊበር ከመነሳቱ በፊት ያለው ጠመንጃ ልክ ተስተካክሎ ያውቃል ወይ? የኤኬኤም ደንብ ይህ ነው፦ 100 ሜትር ላይ፣ ማነጣጠሪያው 3 (የ300 ሜትር ምልክት) ላይ ሆኖ፣ ተኝቶ አራት ጥይት በአንድ በአንድ። የሚመታበት ነጥብ ከታለመበት 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ለኤኬ 74 ግን 13 ሴንቲ ሜትር። አራቱም፣ ወይም አንዱ ከሸሸ ሦስቱ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ይገባሉ፤ መሐላቸው ከነጥቡ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይርቅም። ካልሆነ የፊት ማነጣጠሪያዋ ትዞራለች፤ አንድ ሙሉ ዙር 100 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል። ወደ ጎን ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር መግፋት 26 ሴንቲ ሜትር ነው። ዝቅ ብሎ ከመታ ማነጣጠሪያዋ ወደ ታች ትገባለች፤ ከፍ ካለ ትወጣለች። ወደ ግራ ከመታ ወደ ግራ ትገፋለች። ሰው እዚህ ላይ ተገላቢጦሽ ይሠራና ስሕተቱን እጥፍ ያደርገዋል።

በደንብ የተስተካከለ ኤኬኤም 15 ሴንቲ ሜትር ክብ ከያዘ 300 ሜትር ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የደረት ስፋት። ያልተስተካከለው ግን መሐሉ 100 ሜትር ላይ በ15 ሴንቲ ሜትር ከሸሸ 300 ሜትር ላይ ጠቅላላ ከሰውየው ውጭ ነው። በ5.45 ያተረፍከው 90 ሜትር ያልተስተካከለ ጠመንጃ ላይ የለም።

ቀጥሎ መነጽር። ከሦስት እጥፍ በላይ የማያጎላ ቀላል መነጽር እንኳ የሰውን ዓይን ከሦስት ነገር ወደ ሁለት ነገር ያሳርፈዋል፤ ከኋላ፣ ከፊትና ከዒላማው ይልቅ ነጥቡና ዒላማው። የኤኬኤም ችግር የላይ ክዳኑ ስለሚላወስ መነጽር እዚያ ላይ አይጸናም፤ አካሉም 1 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ነው። የጎን መያዣ ሐዲድ በትክክል ካልተበሳ ዜሮው (መነጽሩ የተስተካከለበት ልክ) በየመፍታቱ ይሸሻል። ፊንላንዶች የክላሽ ዘር የሆነውን አሮጌ ጠመንጃቸውን አርኬ 62ን ይዘው የሚስተካከል ሰደፍና የመነጽር መያዣ ጨመሩበት እንጂ ለዚያ ጊዜ ካሊበሩን አልነኩም።

#14 ዓባይ ማዶ

ይህንን እቀበላለሁ፤ መስተካከሉ ይቅደም። ግን መነጽሩ 5.45 ላይም ይገጠማል። መነጽር በገጠምክበት ቁጥር የጥይቱ ቀጥ ያለ መንገድ ጥቅም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ተኳሹ ማየት ሲችል 440 ሜትሩን ይጠቀምበታል።

#15 ወረታ መገንጠያ

ይህ እውነት ነው፤ ማንም ያልመለሰለት ነጥብ ነው። በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን ግን ላስታውሳችሁ፤ ከዚህ ከደብረ ታቦር ዳር ነው። ወደ 7 ቶን የሚገመተውን መድፍ ከቀለጠበት እስከ መቅደላ ለመጎተት ስድስት ወር ገደማ መንገድ እየተቆፈረ፣ ገደል እየተናደ ነው የተሄደው። መሣሪያውን የሚሠራው እጅና መሣሪያውን የሚያደርሰው መንገድ ሁለቱም ከተኩሱ በፊት ይመጣሉ። የዘጌ ቡና 139 እና 227 ምልልስ ያለችው ለዚህ ነው የሚመዝነኝ፤ ያ ቁጥር ደግሞ ወደ አንተ ያደላል። ስለዚህ ከ«አይቀየር» ወደ «ፋብሪካው ሲያረጅ ይቀየር» ዞሬአለሁ።

#16 ሰባታሚት

እንግዲህ ፍተሻ ቢደረግ እንዴት ይደረግ? ጋሼ መለኪያ፣ እርስዎ ቢሉልን።

#17 ጋሼ መለኪያ

ሦስት መሣሪያ ይቅረብ፦ ኤኬኤም ባለው ማነጣጠሪያ፣ ኤኬኤም ከመነጽርና ከፕላስቲክ ካዝና ጋር፣ ኤኬ 74 ከመነጽር ጋር። ሁሉም በዕለቱ የተስተካከሉ። ሦስት ቡድን፣ በቡድን ሠላሳ ተኳሽ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ የቆየ። እያንዳንዱ ቡድን ሦስቱንም በየተራ ይተኩስ፤ አለበለዚያ የምትለኩት ሰውን ነው እንጂ ጠመንጃን አይደለም። 100፣ 200፣ 300፣ 400 ሜትር፤ ተኝቶና ተንበርክኮ፤ ሰዓት ተይዞ፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር እርምጃ በኋላ በደከመ ክንድ ይደገም። ቦታውም ሁለት ይሁን፤ አንዱ እዚህ ከፍታ ላይ፣ ሌላው ቆላ።

ውጤቱ «ከመቶ ስንት መታ» ተብሎ አይጻፍ። ጠመንጃው፣ መነጽሩ፣ ካዝናውና ጥይቱ አንድ ላይ ይመዘኑና «በተሸከመው አንድ ኪሎ ስንት መታ» ተብሎ ይጻፍ። ቀላሉ ጥይት ጥቅሙ እዚያ ካልታየ የትም አይታይም፤ ከታየ ደግሞ ዓባይ ማዶ ያሸንፋል።

#18 ፎገራ ሜዳ

ጋሼ፣ አንድ ዓምድ ይጨመርበት፦ ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጀመሪያው መምታት ያለው ሰከንድ። እርግጫው ቀላል የሆነው ሁለተኛዋን ጥይት ቶሎ ስለሚልካት በኪሎ ብቻ ከተጻፈ ያ ጥቅም ይሰወራል።

#19 ጋሼ መለኪያ

ይጨመር፤ ልክ ነህ። ሰዓቱ ግን የሚነሳው ዒላማው ከተነሳበት ቅጽበት ነው፤ በመጀመሪያው ጥይት ከተጀመረ ቀስ ብሎ የሚያነጣጥረው ሰው በነፃ ያልፋል። ዒላማውም በየተራ በተለያየ ርቀት ይነሳ፤ ተኳሹ ቀድሞ ካወቀው የ350 እና የ440 ልዩነት አይለካም።

#20 ዓባይ ማዶ

ተስማምቻለሁ ጋሼ። የኤኬኤሙ ማነጣጠሪያ 3 ላይ፣ የኤኬ 74ቱ ቋሚ ምልክቱ ላይ ሆኖ ማንም ሳይነካው ይተኮስ። 400 ሜትር ላይ ሁለቱ የሚለያዩት እዚያ ነው።